ቅጥር የሌላት ከተማ

እንጀራዬ ውል መጻፍ ነው። እንጅባራ ላይ፣ ሽማግሌዎች አሁንም ኮሶበር በሚሏት ከተማ፣ ቤት የሚሻሻጡ ሰዎች ጉዳያቸውን ወደ መንግሥት መዝገብ ከማድረሳቸው በፊት ብዙ ጊዜ በእኔ ጠረጴዛ ያልፋሉ። ድርድሩ በአውንጊ ያልቃል፤ ወረቀቱ በአማርኛ ይጻፋል። ሻጭ አለ፣ ገዢ አለ፣ ምስክሮች አሉ፣ ከኋላ ደግሞ ኮሚሽኑን የሚጠብቅ ደላላ። ዝናብ ሲመጣ (የእኛ አገር ዝናብ ደግሞ መምጣት ይወዳል) ሁሉም እላዬ ላይ ይጠጋጋል።

ውሉ ላይ የምጽፈው «ቤት» ብዬ ነው። ሌላ ልጽፍ አልችልም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ለሽያጭ አይቀርብም፣ የሚሸጠው ሰው በላዩ የሠራው ነገር ነው። የሚሸጠው ነገር ግን ብዙ ጊዜ የባህር ዛፍ ማገር፣ የተሰነጠቀ ምርግና ዝገት የበላው ቆርቆሮ ነው። ገዢው በሳምንቱ ያፈርሰዋል። ያን ሁሉ ገንዘብ የቆጠረው ለቆርቆሮው እንዳልሆነ ምስክሮቹም፣ ደላላውም፣ እኔም እናውቃለን። አንድ ወዳጄ የሆኑ ቄስ «ታዲያ በየቀኑ ሐሰት መጻፍህ አይደለም ወይ?» ይሉኛል። አይመስለኝም። ሁሉም የሚያውቀው ሐሰት ማንንም አያታልልም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፤ የሚከነክነኝም በልጅነቴ አብነት ትምህርት ቤት ስለቆየሁና ኦሪትን ማገላበጥ ስላልተውኩ ይመስለኛል።

ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 ስለ መሬት የሚያዝዘው ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። ምድር የእግዚአብሔር ናትና ለዘለዓለም አትሸጥም፤ ሰው በላይዋ መጻተኛ ነው። በየ50 ዓመቱ መለከት ተነፍቶ ኢዮቤልዩ ሲታወጅ እርሻ ወደ ባለርስቱ ይመለሳል። ስለዚህ ሻጭ በእውነት የሚሸጠው እስከ ኢዮቤልዩ የቀሩትን መኸሮች ነው፤ ዓመቱ ከበዛ ዋጋው ይበዛል፣ ካነሰ ያንሳል። አያቶቻችን ከአቅኚው አባት በእናትም በአባትም ቆጥረው ርስት ሲጠይቁ የኖሩት ከዚህ መንፈስ ሩቅ አልነበሩም። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም በእርሻ ገቢ ግብር ላይ ሲያምጽ ከገንዘቡ ይልቅ ያስፈራው የቀያሹ ገመድ ነበር፤ የተለካ ርስት የሚነቀል መስሎት።

ቁጥር 29 ላይ ግን ሕጉ ይቀየራል። ቅጥር ባለው ከተማ ውስጥ ያለ ቤት ከተሸጠ፣ ሻጩ መልሶ የሚቤዠው በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ነው። ዓመቱ ካለፈ ለገዢው ለልጅ ልጁ ይጸናል፤ ኢዮቤልዩም አያስመልሰውም። ቅጥር የሌለው መንደር ቤት ግን እንደ እርሻ ይቆጠራል። (ሌዋውያን ለራሳቸው ቤት ሁልጊዜ የመቤዠት መብት አስቀርተዋል፤ ካህን የራሱን ነገር አይረሳም።) ስለዚህ በኦሪት ሁለት ዓይነት መሬት አለ፤ ሁለቱን የሚለየው ደግሞ ግንብ ነው። ግንብ ይታያል። ሰው ከውስጡ ይሁን ከውጪው ያውቃል።

እንጅባራ ቅጥር የላትም። ያላት ፕላን ነው፤ ፕላን ደግሞ በወረቀት ላይ ይሰፋል። ከባህር ዳሩ አስፋልት ወደ ውስጥ፣ በቻግኒ መታጠፊያም፣ በዩኒቨርሲቲውም በኩል ድንች፣ ገብስና የዲከረንስ ዛፍ የነበረበት ማሳ ቦታ ሆኗል። አንድ ገበሬ ማሳው በፕላኑ ውስጥ ሲገባ ካሳው እንዴት እንደሚሰላ ተመልከቱ። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው ተወስዶ በ10 ይባዛ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 አሻሽሎት፣ ምትክ መሬት ላልተሰጠው ሰው ካለፉት ሦስት ዓመታት የላቀው ገቢ በ15 እንዲባዛ አዘዘ፤ ባለይዞታው ራሱ የማልማት ቅድሚያ እንዲኖረውም አደረገ። መሻሻሉ አይካድም። ስሌቱ ግን ያው የዘሌዋውያን ስሌት ነው፤ በመኸር ይቆጠራል። ያው መሬት ተሸንሽኖ በሊዝ ሲወጣ፣ ከዚያም ቤት ቆሞበት ወደ እኔ ጠረጴዛ ሲመጣ፣ መኸር የሚጠይቅ የለም። ለአስፋልት ስንት ሜትር ነው? መብራት ገብቷል? ካርታው አልቋል? ጠዋት በእርሻ ሕግ የተወሰደ መሬት ከሰዓት በቅጥር ሕግ ይሸጣል ማለት ነው።

በእርሻ ሕግ መወሰዱ ብቻ ባልከፋ። ያ ሕግ ግን ሙሉ የሚሆነው ከኢዮቤልዩው ጋር ነው። በኦሪት ገበሬው መኸሩ ተቆጥሮ የሚከፈለው፣ ቆጠራው ሲያልቅ መሬቱ ስለሚመለስለት ነበር። እኛ ቆጠራውን ወስደን ኢዮቤልዩውን ትተነዋል። የመኖሪያ ቤት ሊዝ 99 ዓመት ነው፤ ሁለት ኢዮቤልዩ ሊሞላ አንድ ዓመት ሲቀረው ያበቃል፤ ያኔም ቢሆን ተመላሽነቱ ለመንግሥት እንጂ ለገበሬው የልጅ ልጅ አይደለም። የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ በላይ ያለውን ትርፍ ቤት ሲወርስ ብዙ ድሃ ኢዮቤልዩ የመጣ መስሎት ነበር። ያም ቤት ቀበሌ ኪራይ ሲሰበስብበት ኖረ። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ድፍን 50 ዓመት ሞላው፤ መለከት የነፋ አልሰማሁም።

የናቡቴን ታሪክ ሰባኪዎች ሲያነሡ በኤልዛቤል ላይ ይከርማሉ። እኔ ከዚያ በፊት ያለውን እወዳለሁ። ንጉሡ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ ፈልጎ መጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ ክፉ አልነበረም፤ የተሻለ ወይን ወይም ተገቢ ዋጋ ነበር። ናቡቴም ዋጋው አነሰ አላለም። ያለው የአባቶቼ ርስት ነውና አልሸጥም ነው። የእኛ ከተማ ናቡቴ ስለ ዋጋ መከራከር፣ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። አልሸጥም የሚለው ቃል ግን የለውም። ሆስፒታልም መንገድም አየር ላይ አይሠራምና ይህ ሁልጊዜ በደል ነው አልልም። ነገር ግን ለመንገድ ተብሎ ከገበሬ የተወሰደ መሬት አጠገብ ቦታ ይዞ ተቀምጦ መንገዱ ያመጣለትን ዋጋ የሚሰበስብ ሰው፣ ያን ትርፍ በምን ድካሙ አገኘው? ኢሳይያስ በምዕራፍ 5 ቤትን ከቤት፣ እርሻን ከእርሻ ስለሚያያይዙ ወዮ ያላቸው ሰዎች ሌቦች አልነበሩም፤ ከፍለው የገዙ ሳይሆኑ አይቀሩም።

እዚህ ላይ ግን ጠረጴዛዬ ያስቸግረኛል። ከፊቴ የሚቆመው ገዢ ሁሉ አክዓብ አይደለም። አረብ አገር የሰው ቤት ጠርጋ ያጠራቀመችውን ይዛ የመጣች ልጅ አለች፤ ገንዘቡ ባንክ ቢቀመጥ ኑሮ ውድነቱ እንደሚበላው ታውቃለች። ከመተከል ተፈናቅሎ ቻግኒ ራንች መጠለያ የከረመ ሰው አለ፤ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ብገዛ እንደገና ሰው እሆናለሁ ብሎ የመጣ።

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ለተዋዋዮች አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ ሻጩ በዓመት ውስጥ በዚያው ዋጋ መቤዠት የሚችልበት አንድ መስመር ላስገባ? ሻጭ ዝም ይላል፤ መልሱ የገዢው ነው። በስሙ ሌላም ካርታ ያለው አንድ ነጋዴ ሳቀና፣ «ጋሼ፣ በዓመቱማ ዋጋው ይንራል፤ ምን በወጣኝ እመልስለታለሁ?» አለኝ። ለእሱ መልስ አላጣሁም፤ የሚሰማ አልነበረም እንጂ። የመተከሉ ሰው ግን አልሳቀም። ካርታውን ከእጄ ተቀብሎ አየውና፣ «ጋሼ፣ ቢመልስብኝ እኔ የት እገባለሁ?» አለኝ። ለዚህ ኦሪትም ውስጥ ብፈልግ መልስ አላገኘሁም። ሁለቱንም ውሎች ያለዚያ መስመር ጻፍኳቸው።