ከኤውንቄ ወደ ጢሞቴዎስ፦ የእናት ውርስ በአንድምታ

አንድምታ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መምህራን አንዱን ንባብ እየመላለሱ የሚተረጉሙበት፣ ከትርጓሜ ወደ ትርጓሜ ሲሻገሩም «አንድም» የሚሉበት ስልት ነው፤ የኋለኛው ትርጓሜ በፊተኛው ላይ ይደረባል እንጂ አያፈርሰውም። ለዚህ ሐተታ መነሻ የሆነው ንባብ በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 1 ቁጥር 5 የሚገኘው ሲሆን፣ ጳውሎስ በዚያ የደቀ መዝሙሩን እምነት ሲያወሳ አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን በስም ይጠራል።

አባቱን ስለ ምን አልጠራውም ቢሉ፣ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 እናቱን ያመነች አይሁዳዊት፣ አባቱን ግን የግሪክ ሰው ብሎ ስለሚያልፈው፣ ጢሞቴዎስ መጻሕፍትን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያወቀው በእናቱ ወገን ነው ለማለት ነው። ትውልድ በአባት በሚቆጠርበት ዘመን ሁለት ሴቶችን በስም ጠርቶ የወንዱን ስም መተው ቀላል ነገር አይደለም፤ ሐዋርያው ውለታው የማን እንደ ሆነ አውቆ ጽፎታል።

አንድም፣ ውርስ ርስት ነው። በጎጃምና በጎንደር፣ የገጠር መሬት አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. እስኪታወጅ ድረስ ጸንቶ በኖረው ሥርዓት፣ መሬቱን በመጀመሪያ ከያዘው ሰው፣ ማለትም ከዋናው አባት መወለዱን ያስመሰከረ ሁሉ ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር፤ የትውልዱ ቆጠራም በአባትም በእናትም በኩል ይፈቀድ ነበር። ስለዚህ ከስሙ ቀጥሎ የአባቱን ስም ብቻ የሚያስከትል ሰው፣ የርስት ሙግት ሲነሣ የእናቱን እናት፣ የእርሷንም አባት እያለ ወደ ላይ መቁጠር ግድ ይሆንበት ነበር፤ ሴቶቹን የረሳም በእነርሱ በኩል የሚያገኘውን እርሻ ያጣ ነበር። ነገር ግን ርስት ወራሽ በበዛ ቁጥር እየተሸነሸነ ያንሳል፣ ከሎይድ ወደ ኤውንቄ፣ ከኤውንቄም ወደ ልጇ የወረደው ግን በመተላለፉ አልጎደለም፤ በዚህም ምክንያት ይህ ትርጓሜ ንባቡን እስከ መጨረሻው አያደርሰውም።

አንድም፣ ውርስ የሥጋ ነው። ለሕዋስ ጉልበት የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ የራሱ የሆኑ 37 ጂኖች ያሉት ሲሆን፣ እነዚህም ከሞላ ጎደል ከእናት ብቻ ይወርዳሉ። ከዚህም የሚያስደንቀው፣ እናት ስትወለድ ያልነበራትን፣ በኑሮዋ ያገኘችውን ጭምር ማውረሷ ነው፤ በሽታን የሚከላከሉ ፀረ እንግዳ አካላት በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ስለሚያልፉ፣ ነፍሰ ጡር ሳለች የወሰደችው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የሚወለደውን ሕፃን ይጠብቀዋል፤ እንገር የሚባለው ወፍራሙ የመጀመሪያ ወተትም ይህን ጥበቃ ያግዛል። ከእናት የተወረሰው መከላከያ ግን ሕፃኑ የራሱን እስኪያበጅ ድረስ የሚያቆይ እንጂ ዘላቂ አይደለም።

አንድም፣ ውርስ አደራ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠውም ይህ ትርጓሜ ነው። ማይቶኮንድሪያ ከእናቱ ወደ ወንድ ልጅ ቢወርድም እርሱ ለልጆቹ አያስተላልፈውም። ጢሞቴዎስ ግን በዚሁ መልእክት ምዕራፍ 2 ቁጥር 2 ከጳውሎስ የሰማውን ሌሎችን ለማስተማር ለሚበቁ ሰዎች አደራ እንዲሰጥ ታዟል፤ ያ ትምህርት የታነጸውም በእናቱ ቤት በተጣለው መሠረት ላይ ስለሆነ፣ በኤፌሶን ከእርሱ የተማሩት ሁሉ ፊቷን አይተው የማያውቁት የኤውንቄ ወራሾች ሆነዋል።