ለደጋ አጋዘን የትኛው ጥይት?

ከቡሹሎ ተነስቶ ወንዶ ገነት የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ ገብቶ ስለ ዱር እንስሳት አያያዝ የሚማር ወጣት፣ ነገ በሙኔሳ ደን ወይም በአርሲና በባሌ ተራሮች ፈቃድ ካለው ባለሙያ አዳኝ ጋር መንገድ መሪ፣ ዱካ ፈላጊ ወይም የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሆኖ ሊሠራ ይችላል። ይህ ምክር ለእሱና እንደ እሱ ላሉት ነው። ልጆቼ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው እንግዳ ውድ ጠመንጃ ይዞ ይመጣል፤ አገሩን የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ጥይት የሚመረጠው በአውሬው ግዝፈት ወይም በጥይቱ ስምና ዝና እንዳልሆነ አስቀድማችሁ ማወቅ ይገባችኋል። በመጀመሪያ የሚመርጠው መሬቱ ነው፤ ቀጥሎ የአረሩ አሠራር፤ ከሁለቱም በላይ ደግሞ ተኳሹ ሳይበረግግ ሊተኩሰው የሚችለው ልክ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ያፋለሰ ሰው ቆስሎ የሚያመልጥ እንስሳ ያበዛል።

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም፤ በኢትዮጵያም ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምሥራቅ ባሉት ደጋዎች ብቻ ይኖራል። የሳይንሱ ዓለም ያወቀው ዘግይቶ ነው፤ አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1908 አድኖ የወሰደውን መነሻ አድርጎ የተፈጥሮ ተመራማሪው ሪቻርድ ላይደከር በ1910 በአዳኙ ስም መዘገበው። ወንዱ ከ180 እስከ 300 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ጠቅላላ ቁጥሩ በ4,000 ገደማ የሚገመት ሲሆን፣ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት ጋር ሰፍሯል። እንዲህ ባለ ቁጥር ላይ አንድ ሳይገኝ የቀረ ቁስለኛ ቀላል ጉዳት አይደለም። በአፍሪካ የአደን ሥርዓት ደም የፈሰሰ አውሬ እንደተገደለ የሚቆጠረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ መሬቱ እንሂድ። በሙኔሳ ደን ውስጥ፣ በዝግባው፣ በጥዱና በኮሶው መካከል፣ እይታው አጭር ነው፤ አጋዘኑ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከመቶ ሜትር ባነሰ ርቀት፣ ያውም ለጥቂት ሰከንድ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ፈጣን ጥይት ትርፉ ትንሽ ነው፤ እንዲያውም ጉዳት አለው። አረሩ፣ ማለትም ከቀለሁ ወጥቶ የሚበረው እርሳስ፣ ሽፋኑ ስስ ከሆነና በከፍተኛ ፍጥነት ከቅርብ ርቀት ትከሻ ከመታ፣ ሳንባ ሳይደርስ አጥንቱ ላይ ሊበታተን ይችላል። ሥጋውን ያበላሻል፤ አጋዘኑ ግን ይሮጣል። ለጥሻ የሚሻለው ከበድ ያለ፣ ፍጥነቱ መካከለኛ የሆነ፣ ሽፋኑና እርሳሱ ተጣብቀው የተሠሩበት አረር ነው፤ እንዲህ ያለው ሲመታ አፉ እንደ እንጉዳይ እየሰፋ ክብደቱን ሳይጥል ጠልቆ ይገባል። አንዳንዶች ከባድ አረር ቁጥቋጦ ጥሶ ያልፋል ይላሉ። ይህ በሙከራ የተረታ እምነት ነው። ቅርንጫፍ የነካ አረር ከባድም ሆነ ቀላል፣ ከመስመሩ ይወጣል። በጥሻ ውስጥ መፍትሔው ክፍተት እስኪገኝ መጠበቅ ነው፤ ክፍተት ከሌለ ቃታ አይሳብም።

ወደ ላይ ወጥታችሁ አስታውን አልፋችሁ ጅብራው ወደሚበቅልበት ሜዳ ስትደርሱ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ አጋዘኑ ከሩቅ ያያል፤ የሚተኮሰውም ከ200 እስከ 300 ሜትር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጎብጦ የማይወርድ፣ በነፋስ ብዙ የማይገፋ ጥይት ያስፈልጋል። በ3,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው ሰባ በመቶ ያህል ነው፤ አየሩ ስለሳሳ አረሩ ፍጥነቱን ቶሎ አይጥልም፣ ዝቅታውም ትንሽ ይቀንሳል። ቆላ ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ በሩቅ ርቀት ጥቂት ከፍ ብሎ ሊመታ የሚችለው ስለዚህ ነው፤ እዚያው ደጋው ላይ በኢላማ ወረቀት መፈተን አለበት። ዳገትና ቁልቁለትም የራሳቸው ሕግ አላቸው። ሠላሳ ዲግሪ ባዘነበለ ተዳፋት ላይ በዓይን 300 ሜትር የሆነው ርቀት፣ ለአረሩ ዝቅታ የሚታሰበው 260 ሜትር ያህል ሆኖ ነው። ይህን ያላወቀ ተኳሽ ወደ ላይም ተኩሶ ወደ ታችም ተኩሶ ከአጋዘኑ ጀርባ በላይ ይስታል፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ የአከርካሪውን ጫፍ ጨርፎ ማቁሰል ነው።

እንግዲህ «ሜዳው ሰፊ ከሆነ ያለው ሁሉ ትልቁን ጥይት ይያዝ» የሚል ይነሳል። በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው 300 ዊንቸስተር ማግነም ከ1906ቱ 30-06 ስፕሪንግፊልድ እንደሚበልጥ አልክድም። ግን ስንት ይበልጣል? ሁለቱም 11.7 ግራም አረር ጭነው በ200 ሜትር ቢስተካከሉ፣ በ300 ሜትር ላይ 30-06 ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ይወርዳል፤ ማግነሙ ከዚያ የሚያንሰው በጥቂት ሳንቲሜትር ነው። ለዚህች ልዩነት የሚከፈለው ግን ሲሶ ያህል የበለጠ የሰደፍ ግፊት ነው። 375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ደግሞ እጥፍ ወደሚሆን ግፊት ይሄዳል፤ ለጎሽ የተገባ ጥይት ነው፣ ለአጋዘን አያስፈልግም። ሰደፍ ትከሻውን የመታው ተኳሽ በሚቀጥለው ጊዜ ቃታ ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፤ ያኔ የተገኘችው ጥቂት ሳንቲሜትር በአንድ ስንዝር ስህተት ትዋጣለች። የስካንዲኔቪያ አዳኞች ከአጋዘናችን የሚከብደውን ሙስ በ6.5×55 ጥይት ለብዙ ትውልድ ሲያድኑ ኖረዋል፤ ጥይቷ በዛሬ ዓይን ትንሽ ናት፤ የሚሠራው ግን የምታርፍበት ቦታ ነው። ኖርዌይ ይህን በሕግ አጽንታዋለች፤ ትልቅ አውሬ የሚያድን ሁሉ በየዓመቱ በመቶ ሜትር ላይ አምስት ጥይት ሠላሳ ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ማሳረፍ አለበት። እኛ ጋ ከእንግዳው ጠመንጃ ዋጋ ይልቅ ይህ ፈተና ቢጠየቅ ምንኛ በተሻለ!

ሌላው ተቃውሞ ከሰፈራችን ይመጣል። «ክላሽንኮቭ በየቤቱ አለ፤ ለአጋዘን ምን አነሰው?» የሚሉ ወጣቶች አሉ። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው ሕግ ነው፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 አደንን በፈቃድ ብቻ ያደርገዋል፣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ም መሣሪያውን ራሱን በፈቃድ ያስራል። ሁለተኛው ጥይቷ ራሷ ናት። 7.62×39 ስምንት ግራም አረር በሰከንድ 715 ሜትር ያህል ታስወነጭፋለች፤ 200 ሜትር ስትደርስ ከጉልበቷ ግማሽ ያህሉ አልቋል። በገበያ የሚገኘው ወታደራዊ አረር ደግሞ ሙሉ ሽፋን ያለው ስለሆነ አይሰፋም፤ ትንሽ ቀዳዳ ሠርቶ ያልፋል። 250 ኪሎ የሚመዝን ወንድ እንዲህ ተመቶ ገደል ለገደል ይጓዛል፣ ደሙም ጥቂት ስለሚንጠባጠብ ዱካው ይጠፋል፤ በማግስቱ የሚያገኘው ጅብ ነው። ይህ አደን አይባልም፤ ጥፋት ነው፣ ደግሞም ወንጀል ነው።

ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ ግን «ቁጥሩ እንዲህ ያነሰ እንስሳ ጭራሽ ለምን ይታደናል?» የሚለው ነው። ኬንያ በ1977 እ.ኤ.አ. አደንን በሙሉ ከልክላለች፤ መንገዷን የሚደግፍ ብዙ ነው። የእኛ ሕግ ሌላ መንገድ መርጧል፤ በተከለሉ የአደን ቀጠናዎች፣ በኮታ፣ ጥቂት ያረጁ ወንዶች ብቻ እንዲታደኑ ይፈቅዳል። ደኑ ዋጋ እንዲኖረውና እርሻና ከብት እንዳይውጠው ያደርጋል የሚለው ክርክር ክብደት አለው። እኔ የምቀበለው ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ ኮታው እውነት የሚሆነው የተተኮሰው ሁሉ ሲገኝ ብቻ ነው። አንድ ተፈቅዶ አንድ ከሞተ ኮታ አለ፤ አንድ ተፈቅዶ ሁለት ቆስለው ካመለጡና ሦስተኛው ከተገኘ ግን የወረቀቱ ቁጥር ውሸት ሆኗል። የጥይት ምርጫ የጥበቃ ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። እንስሳቱን ማደን የማትፈልጉም ብትሆኑ፣ ተቆጣጣሪ ሆናችሁ ስትቆሙ ይህን ማወቃችሁ ለእንስሳው ይጠቅመዋል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ደኑንም ሜዳውንም በአንድ ጠመንጃ ለሚሄድ ሰው 30-06 በ11.7 ግራም የተጣበቀ አረር ይበቃል፤ በ200 ሜትር ይስተካከል፣ ከ250 ሜትር በላይ አይተኮስ። ደን ውስጥ ብቻ ለሚያድን ቆየት ያለው 7×57 ማውዘር ከበድ ካለ አረር ጋር ምንም አይጎድለውም። ማግነም ይዞ የመጣውን እንግዳ አትከልክሉት፤ ነገር ግን ተራራ ከመውጣቱ በፊት ሰፈሩ አጠገብ ወረቀት ስቀሉለት፣ ቁጭ ብሎና ዱላ ተደግፎ ይተኩስ። እንደ ኖርዌዩ ፈተና አምስቱን ጥይት ከክቡ ካላስገባ፣ ገንዘቡ የቱንም ያህል ቢሆን፣ በትሕትና «ጌታዬ፣ ነገ እንደገና እንሞክር» በሉት፤ እናንተም ጠዋት አብራችሁት ወደ ኢላማው ተመለሱ።