ከመንገድ ስትመለሱ ንገሩን

ልጆቼ፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። ሰሞኑን እዚህ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ቡና ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር የምሰማው የጉዞ ዕቅድ ነው። ሁለት ሦስት ቤተሰብ ገንዘብ አዋጥቶ ሞተርሆም የሚሉትን የመኪና ቤት ይከራያል፤ ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ ጀበናውን ይጭናል፤ ልጆቹን ሰብስቦ አገር ሊያይ ይወጣል። ደግ ነው። ዓመቱን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ፣ ፓርኪንግ ሲጠብቅ፣ ሆስፒታል ሌሊቱን ሲሠራ የከረመ ሰው ከልጆቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ሳምንት ቢያድር ማን ይነቅፈዋል? በጉዞው ነገር የምለው የለኝም። የምለው ያለኝ በፎቶው ነገር ነው።

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላልና በምሳሌ ልጀምር። አንድ ልጅ ሞተርሆሙ በር ላይ ቆሞ፣ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ፣ እጁን ወገቡ ላይ ጭኖ ፎቶ ይነሣል። አልጋውንና ምድጃውንም ያነሣና በዚያችው ደቂቃ ደሴ ላሉ እናቱ ይልካል። እናት ያያሉ፤ መሪ ያያሉ፣ አልጋ ያያሉ፣ ምድጃ ያያሉ። ከዚያ ደውለው ያለቅሳሉ፦ «ልጄ፣ ቤት አጣህ እንዴ? መኪና ውስጥ ነው የምታድረው?» የአጎቱ ልጅ ደግሞ ያንኑ ፎቶ አይቶ «አውቶቡስ ገዛ» ይላል። ሳምንት ሳይሞላ የትምህርት ቤት ክፍያ ጥያቄ፣ የሠርግ መዋጮ ጥያቄ ይመጣል። ልጁም ይቆጣል።

ማንን ነው የሚቆጣው? እናትም አላጠፉ፣ የአጎት ልጅም ቀማኛ አይደለም። ፎቶው ብቻውን ስለ ሄደ ሁሉም የጎደለውን ከየልቡ ሞላበት። «የተከራየነው ነው፣ ሦስት ቤተሰብ ነን፣ እሑድ እንመልሰዋለን» የምትል አንዲት ቃል አብራ ብትሄድ እናትም ባላለቀሱ፣ ዘመድም ባልተቀየመ። ፎቶ ያለ ቃል መላክ እንጀራውን አቅርቦ ወጡን ጓዳ እንደ መተው ነው፤ እንግዳው ደረቁን እየቆረሰ «ምን አስቀይሜያቸው ይሆን?» ይላል።

እንግዲህ ምክሬ ይህች ናት። የመንገዱን ፎቶ መንገድ ላይ አትበትኑት። ይዛችሁት ኑ፤ ከነታሪኩ፣ ከነችግሩ፣ ለሚወዳችሁ ሰው ቁጭ ብላችሁ አሳዩት።

ለምን ያስቸኩላል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። «ዛሬ የሎውስቶን ፓርክ ገብተናል፣ ገና አሥር ቀን ይቀረናል» ብሎ ቲክቶክ ላይ የሚያውጅ ሰው «ቤቴ አሥር ቀን ባዶ ነው» ማለቱን ልብ አይልም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ ባለቤቱ ራሱ «የለሁም» ካለ ግን ለመናቅም ድካም የለበትም። የመኪናው ታርጋ፣ የማደሪያው ቁጥር፣ የሕፃናቱ ፊት ሁሉ እዚያው ላይ አለ። ስልኩም ፎቶው የተነሣበትን ቦታና ሰዓት መዝግቦ ሊይዝ ይችላል። ይህን ከስልኩ ውስጥ ገብቶ መዝጋት ይቻላል፤ ልጆቻችሁን ጠይቁ፣ ከእናንተ በላይ ያውቁታል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ያሉት አባቶቻችን ይህን ስልክ ሳያዩ ነው።

የሎውስቶንን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምቆጥረው። በ1871 ዊሊያም ሄንሪ ጃክሰን የሚባል ፎቶ አንሺ ፈርዲናንድ ሄይደን ይመሩት ከነበረ የመንግሥት የጥናት ቡድን ጋር ወደዚያ አገር ወጣ። ያን ጊዜ ፎቶ የሚነሣው በመስታወት ላይ ነው። መስታወቱን መድኃኒት መቀባት፣ ሳይደርቅ ማንሣት፣ ሳይደርቅ እዚያው ማጠብ ያስፈልጋል። ዕቃው የሚሄደው በበቅሎ ጭነት ነው። አንድ ፎቶ ይህን ያህል ሲያደክም ሰው ያገኘውን ሁሉ አያነሣም፤ ቆሞ ያያል፣ ይመርጣል፣ ብርሃኑን ይጠብቃል። ጃክሰን ያነሣውን ይዞ ተመለሰ። ፎቶዎቹም ከሠዓሊው ከቶማስ ሞራን ሥራዎች ጋር ዋሽንግተን ላይ ታዩ። የሚፈላውን ምድር በዓይናቸው ያላዩ የምክር ቤት ሰዎች አምነው እንዲወስኑ ከረዱት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። ማርች 1 ቀን 1872 ፕሬዚዳንት ግራንት ፈረሙ፤ የሎውስቶን የአሜሪካ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ሰውየው ተመለሰ፣ ኋላ አሳየ፤ ያሳየውም አገር ጠበቀ።

እኛ ዛሬ በአንድ ከሰዓት በኋላ ስንት መቶ እናነሣለን? ብዙው ክላውድ ወደሚሉት ማከማቻ ይወጣና እዚያው ይቀራል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ያነሣው ሰው ራሱ ተመልሶ አያየውም፤ ሲያነሣም በስልኩ መስታወት በኩል እንጂ በዓይኑ አላየውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ይህች ተረት ደግሞ አንዳንዴ ቀልድ አትሆንም። በ2018 በኦክቶበር ወር፣ ካሊፎርኒያ ዮሰማይት ፓርክ ውስጥ፣ ጉዟቸውን በፎቶ ለዓለም ያካፍሉ የነበሩ ወጣት ባልና ሚስት ታፍት ፖይንት ከሚባለው ገደል ወድቀው ሞቱ። ልፈርድባቸው አይደለም፤ ነፍሳቸውን ይማር። የሎውስቶን ላይም ባይሰን የሚሉት ጎሽ ሣር ሲግጥ የዋህ ይመስላል። ሕጉ ግን ከእርሱ ቢያንስ 25 ያርድ፣ ከድብና ከተኩላ 100 ያርድ ራቁ ይላል። ከፓርኩ ጠባቂ የሰማችሁትን ለልጆቻችሁ ሳትታክቱ ድገሙላቸው። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ያ እንስሳ እንደ በሬ ይከብዳል፣ እንደ ፈረስ ይሮጣል፤ እናንተ ደግሞ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ፈገግ እያላችሁ ነው።

ስለ ቡናውም ልናገር፤ ይህን ዘልዬ ባልፍ ዕድሜዬ ይታዘበኛል። ሞተርሆም ውስጥ ከሰል አታንድዱ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ በብርድ ይዘጋል፤ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ የተኛውን እንደተኛ ይወስዳል። ማራገቢያውን ከፍታችሁ ጀበናውን በጋዝ ምድጃው ላይ ጣዱ። ከሰሉና ዕጣኑ ካማራችሁ ከመኪናው ርቃችሁ ደጅ አንጥፉ፤ ግን በቅድሚያ እሳት የተከለከለበት ወቅት እንዳይሆን ጠባቂዎቹን ጠይቁ። ይህን ከፎቶ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ያገናኘዋል። ሶፋው አጠገብ ፍም ያለበት ምድጃ፣ ዙሪያውን ረከቦትና ፈንዲሻ፣ ሲያዩት እንዴት ያምራል! ያየው ሁሉ «እኛም እንዲሁ እናደርጋለን» ይላል። እናንተ በሩን ከፍታችሁ ይሆናል፤ በሩ ግን ፎቶው ውስጥ የለም። ፎቶ ሳትናገሩት ያስተምራል፤ የምታስተምሩትን እወቁ።

የሰውም ነገር አለ። አሪዞና ስትደርሱ በሆፒ ሕዝብ መንደሮች ፎቶ ማንሣት፣ ድምፅ መቅዳት፣ ሥዕል መሣል ሳይቀር ክልክል ነው። በናቫሆዎች ምድርም ሰውን ያለ ፈቃዱ ማንሣት ነውር ነው። ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል። ላሊበላ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ሲጸልዩ ካሜራ ፊታቸው ላይ የተደቀነባቸውን እናቶች እናውቃለንና። ያኔ የከፋን ሰዎች ዛሬ ካሜራ ስለያዝን እንዳንረሳው። ማደሪያው ላይ ጎረቤት ሆኖ እሳቱን ያጋራችሁ ሰውም ቢሆን «ላንሣህ?» ቢሉት ምን ይጎዳል? ብዙ ጊዜ ስሙን የምታውቁት በዚያች ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልመለስ፤ ከነችግሩ አሳዩት ያልኩትን ማለቴ ነው። በ1959 ዋሊ ባያም የሚባል አሜሪካዊ፣ ኤርስትሪም የሚባሉትን የሚያብረቀርቁ ተጎታች ቤቶች የሚሠራው ሰው፣ 41 ቤቶች አስከትሎ ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ተነሣ። በእኛም አገር አልፏል፤ አዲስ አበባ ላይ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኝተዋል። ከዚያ ጉዞ ዓለም የሚያውቀው ፎቶ ግን ግብፅ ላይ የተነሣው ነው፤ ቤቶቹ በፒራሚዱ ሥር ተሰልፈው፣ ሁሉም ጸድቶ፣ ሁሉም አምሮ። በመንገዱ የተሰበረው ብረት፣ የፈነዳው ጎማ፣ ጭቃው ያ ፎቶ ላይ የለም። እኔን ብትጠይቁኝ ማየት የምፈልገው ጭቃውን ነው። ያንን መኪና ከጭቃ ማን ገፋው? ያ ነው ለልጅ የሚነገር።

ሌላም ሰው አለ። ደራሲው ጆን ስታይንቤክ በ1960 በፒካፕ ጀርባ ላይ ትንሽ ቤት አሠርቶ፣ ሮሲናንቴ ብሎ ሰይሞ፣ ቻርሊ የሚባለውን ውሻውን አስከትሎ አሜሪካን ዞረ። መጽሐፉ በ1962 ወጣ፤ በዚያው ዓመት የኖቤል ሽልማትም አገኘ። ከብዙ ዓመታት በኋላ መንገዱን የመረመሩ ሰዎች ግን በመኪናው ውስጥ ያደረባቸው ሌሊቶች መጽሐፉ እንደሚያስመስለው ብዙ እንዳልነበሩ፣ ሆቴልና የሰው ቤት እንደሚበዛ፣ ከንግግሮቹም የተፈጠሩ እንዳሉ አሳዩ። እርሱ ደራሲ ነው፤ ለደራሲ ይፈቀድለታል እላለሁ፤ የማይስማሙም አሉ። እኛ ግን የምንነግረው አብሮን ለነበረ ልጅ ነው። ልጁ ያየውን ያውቃል። «ሁሉም ያምር ነበር» ስንለው አባቱ ውሸታም መሆኑን እንጂ ጉዞው ማማሩን አይማርም።

ስለዚህ ዳምፕ ስቴሽን በሚሉት ቦታ ጓንት አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ የመጸዳጃውን ፍሳሽ በወፍራሙ ቱቦ የሚያፈሰውንም አባት አንሡ። ሌላም ምሳሌ ልስጥ፤ ብዙ ሳትርቁ እዚሁ ሸናንዶዋ ፓርክ ብትሄዱ፣ ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው መንገድ 105 ማይል ነው፤ በሰዓት ከ35 ማይል በላይ አይነዳም። መንገዱ ላይ ሜሪስ ሮክ የሚባል መሿለኪያ አለ፤ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ብቻ። የተከራያችሁት ሞተርሆም ከዚያ እንዳይበልጥ ቀድማችሁ ማወቅ ግድ ነው። ሹፌሩ ዳር ይዞ ቆሞ የመኪናውን ቁመት ከወረቀቱ ላይ ሲያነብ፣ ሚስቱ «ቆይ፣ ደግመህ እይ» ስትል፣ ልጆቹ መስኮት ላይ ተደርድረው ሲስቁ፤ ይህን ያነሣ ሰው ከተራራው ሁሉ የበለጠ ነገር ይዞ ገባ። ተራራውንማ ከእናንተ በተሻለ ያነሡት ሞልተዋል።

ስትመለሱ ሁለት ሦስት ቀን ዕረፉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ፎቶም እያደር ይለያል፤ መንገድ ላይ ያስደነቃችሁ አንዳንዱ ባዶ ሆኖ ይገኛል፣ ያላያችሁት አንዱ ልባችሁን ይይዛል። ጥቂቱን መርጣችሁ አሳትሙ፤ አዎ፣ ወረቀት ላይ። ከጀርባው ቦታውን፣ ቀኑን፣ ያነሣውን ሰው ስም ጻፉ፤ አንሺው ሁልጊዜ ከፎቶው ይቀራልና። አገር ቤት የምትልኩትን በድምፅ እያስረዳችሁ ላኩ። እዚህ ያለነውን ደግሞ ቡና ጥሩን። አማርኛው ቢሰባበርም ልጆቹ ያስረዱ፤ አታርሟቸው፣ ይጨርሱ። አማርኛ የሚማሩት ሊናገሩት የሚጓጉለት ነገር ሲያገኙ ነው፤ ድብ ያየ ልጅ ዝም አይልም።

እኛም የምናይ ሰዎች ሥራ አለብን። ስልካችንን እናስቀምጥ። ፎቶውን በጣታችን እየገፋን ወደሚቀጥለው አንሩጥ። «ይህን ማን አነሣው? ከዚያስ ምን ሆነ?» እንበል። የኪራዩን ዋጋ ቡናው ላይ በሰው ፊት አንጠይቅ፤ የሄደውንም ያሳፍራል፣ መሄድ ያልቻለውንም ያሳዝናል። ለሚቀጥለው ዓመት ለማዋጣት ያሰበ ካለ ሰውየውን ወደ ጎን ጠርቶ ይጠይቀው፤ የነዳጁንና የማደሪያውንም ዋጋ አብሮ መጠየቁን አይርሳ።