ማርክ የሚመዝነው ምንን ነው?

ከክፍል ስንወጣ ኪሳችን ከፈቀደ ለገሃር፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ካሉት ሻይ ቤቶች ባንዱ እንሰበሰባለን። አብዛኞቻችን የቂርቆስና የካዛንቺስ ልጆች ነን። ባለፈው ሳምንት ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ያከራከረን ነገር አንዲት ነጥብ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዷ ጓደኛችን በታሪክ ኮርስ ለጻፈችው ድርሰት 67 አገኘች፤ በዚያው ርዕስ የጻፈው ሌላው ጓደኛችን 68። ቁጥሩ ወደ ፊደል ሲለወጥ መስመሩ በሁለቱ መካከል አለፈና እሱ ቢ፣ እሷ ሲ ሆኑ። ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን እየተቀባበልን አነበብናቸው። የእሱ ቋንቋ ጠራ ያለ ነው፤ የእሷ ሐሳብ ራቅ ብሎ ይሄዳል። ያቺን አንዲት ነጥብ ግን ብንፈልግ ብንፈልግ ልናገኛት አልቻልንም።

ወዲያው ለሁለት ተከፈልን። ግማሻችን «ቁጥር ይቅር! ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይበቃል» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ፊደሉ ነው እንጂ የበደላት ቁጥሩ ምን አደረገ? 67 እና 68 ጎን ለጎን ሲቀመጡ እኮ ጎረቤት ናቸው፤ ያራራቃቸው ፊደሉ ነው» ብለን ተከራከርን።

ፊት ለፊታችን የቆመው ጣቢያ ለሁለቱም ወገን ምሳሌ አላጣም። ባቡሩ በሚሠራበት ዘመን የቡና ጆንያ በኪሎ እየተመዘነ ይጫናል፤ መንገደኛው ደግሞ በማዕረግ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ተብሎ ይሳፈራል። ጆንያን ማንም ሰው ሚዛን ላይ ቢያወጣው ኪሎው ያው ነው። ድርሰትስ? ማዕረጉም ቢሆን የመንገደኛውን ኪስ ለካ እንጂ መንገደኛውን አልለካም። እንግዲህ ረቂቁ ሚዛንም ሆነ ሰፊው እርከን የየራሱ ጉድ አለው ማለት ነው።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እንመርምር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1912 እና በ1913 ስታርችና ኤሊየት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አንድ ዓይነት የተማሪ ወረቀት አባዝተው ለብዙ መምህራን እንዲያርሙት ላኩ። የእንግሊዝኛው ወረቀት ማርክ መምህር በተለወጠ ቁጥር እጅግ ተለያየ። «እሱ ቋንቋ ስለሆነ ነው» እንዳይባል የጂኦሜትሪ ወረቀት ላኩ፤ እሱም ካንዱ መምህር ከ30 በታች፣ ከሌላው ከ90 በላይ ይዞ ተመለሰ። ሒሳብ እንዲህ ከሆነ በታሪክ ድርሰት ላይ 67ን ከ68 የሚለይ ዐይን ከየት ይመጣል? 67 ብሎ የጻፈ መምህር ዋሸ አንልም። ከሚያውቀው በላይ ግን ተናግሯል።

ፊደሉስ? አገራችን ሁለቱንም ሞክራለች። ወላጆቻችን ማትሪክ የሚሉት ፈተና ውጤቱ የሚነገረው በፊደል ነበር፤ የ10ኛ ክፍሉም ብሔራዊ ፈተና እስኪቀር ድረስ እንዲሁ። የ12ኛ ክፍሉ ከዚያ ወዲህ በቁጥር ሆነ። ይሁንና ቁጥሩም ቢሆን መጨረሻው ሁለት ቃል ነው፤ አለፈ ወይም ወደቀ። የ2014 ዓ.ም. ፈተና በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጥቶ ማለፊያው 50 ከመቶ ሲሆን፣ መስመሩን የተሻገሩት ከተፈታኞቹ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ። ከመስመሩ በታች ከቀሩት መካከል ሻል ያለ ውጤት ያላቸው በሬሜዲያል እንደገና ዕድል ተሰጣቸው። ይህ ምን ያሳያል? መስመሩን ያሰመረው ወገን ራሱ መስመሩ ግድግዳ እንዳልሆነ ማወቁን ነው። ስለዚህ በደሉ ያለው በቁጥሩ ወይም በፊደሉ ብቻ አይደለም፤ በአንዲት ቀጭን መስመር ላይ የሰው ዕድል መንጠልጠሉ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ስንደርስ እስካሁን ዝም ብሎ የቆየ ጓደኛችን ተናገረ። እናቱ ቂርቆስ ጉሊት ተቀምጠው ሽንኩርት ቸርችረው ያሳደጉት ልጅ ነው። «እናንተ ቁጥር ይቅር ስትሉ እኔ እፈራለሁ» አለ። «እኔን እዚህ ያደረሰኝ የዘመድ ስልክ አይደለም፤ ማን ልጅ እንደሆንኩ የማያውቅ ማረሚያ ማሽን ነው። ቁጥር ዘመድ የለውም። ፊደሉን ባሰፋችሁት መጠን ግን የማን ልጅነት የሚገባበት ቀዳዳም ይሰፋል።»

ለዚህ ፈጥነን መልስ አላገኘንም። እውነት ነውና። ድሀውን ልጅ ከአድልዎ የሚጠብቀው ቁጥር፣ ሐሳብ ያላትን ልጅ በአንዲት ነጥብ የሚጥላትም ቁጥር ነው። ይሁን እንጂ ነገሩን ስናብላላው ጓደኛችንን የጠበቀው የቁጥሩ ቅጥነት እንዳልሆነ ተገለጠልን። የጠበቀው አራሚው ስሙን አለማወቁና መልሱ ለሁሉም አንድ መሆኑ ነው። ስም ተሸፍኖ ቢታረም፣ ወረቀቱም ለባለቤቱ ቢመለስና ቢታይ ፊደልም ቢሆን ዘመድ አይኖረውም። ወረቀቱ ተቆልፎበት የሚነገር ቁጥር ግን እስከ ነጥብ ቤት ቢወርድም አድልዎን ሊደብቅ ይችላል።

የአባቶቻችንን ቅኔ ቤት እናስታውስ። እዚያ 67 የለም። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እየቆጠረ ይቀኛል፤ መምህሩ እየሰማ ያቃናል፣ ሲበቃው ወደሚቀጥለው ያሳልፈዋል፣ እስከ መወድስና ከዚያም በላይ። የጨረሰው ተማሪ «አስመሰከረ» ይባላል። ቃሉን ልብ እንበል። ውጤቱ ምስክርነት ነው፤ መስካሪውም ተማሪውን ያውቀዋል። እርግጥ በተጨናነቀው ክፍላችን መምህሩ እያንዳንዳችንን እንደ የኔታ እንዲያውቀን መጠበቅ የዋህነት ነው። የቅኔ ቤቱም መምህር ቢሆን ሰው ነው፤ ሊያዳላ ይችላል። ግን ምስክር የሚባለው ያየውን የሚናገር፣ ያላየውን የማይጨምር ነው። የእኛም ማርክ ቢያንስ ይህን ሕግ ሊጠብቅ ይገባዋል።

በመሆኑም የተስማማንበት ይህ ነው። ቁጥሩ በወረቀቱ ላይ ይሁን፤ የትኛው ጥያቄ ላይ ስንት እንደጎደለን ማወቅ መብታችን ነው። በመዝገባችን ላይ የሚቀረው ግን ሰፋ ያለው እርከን ይሁን፤ እሱ ከሚያውቀው በላይ አይናገርም። ከመስመሩ ጥግ ላይ የወደቀ ወረቀት ደግሞ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሁለተኛ ዐይን ይየው። ይህ ለመምህራን ድካም መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም በየክፍሉ መስመር ላይ የሚወድቁት ጥቂቶች ናቸው፤ ለእነዚያ ጥቂቶች ደግሞ ነገሩ የዓመት፣ አንዳንዴም የሕይወት ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ቀረ፤ እሱ ደግሞ እኛኑ የሚነካ ነው። ልንነሣ ስንል ባለ 67ቷ ጓደኛችን «ለመሆኑ የጻፍኩትን አመናችሁበት?» ስትል ጠየቀችን። ተያየን። ድርሰቷ ስለ ምድር ባቡሩ ነበር። ሐዲዱ ተራራው ከብዶት ወደ ሐረር ሳይወጣ በመቅረቱ ድሬዳዋ እንዴት እንደተቆረቆረች ትተርክና፣ በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ ይህ የእኛ ሰፈር እንዴት ከጣቢያው ስም እንዳወጣ ትጽፋለች። ከተማን የሚሠራው ዕቅድ ነው ወይስ ባቡር የቆመበት ቦታ? ጥያቄዋ ይህ ነበር። እኛ አፍንጫችን ሥር ጣቢያውን አስቀምጠን ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ነጥቧ ስንጨቃጨቅ፣ ስለ ጥያቄዋ አንድ ቃል አልተነፈስንም።

ወረቀቷን እንደገና አገላበጥነው። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ከ67 በቀር አራሚው የጻፈው አንዲት ቃል አልነበረበትም። እንግዲህ መምህሩን የወቀስንበትን ጥፋት እኛም እዚያው ተቀምጠን ፈጽመነዋል። ቁጥርም ይሁን ፊደል ይሰጠን፤ አብሮት ግን ቃል ይምጣ። እኛም ጓደኛችን ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ «ስንት አመጣህ?» ከማለታችን በፊት «እስቲ አንብብልን» እንበል።