ሁለት የኳስ ጣሳ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሽማግሌ የቴኒስ አሰልጣኝ ነበሩ። በልጅነታቸው ኳስ ለቃሚ ሆነው ጀምረው፣ ከታላላቆቹ ራኬት እየተዋሱ ነው ጨዋታውን የተማሩት። አንድ ቀን አንድ አባት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ እጇስ ጥሩ ነው። ልቧን ያጠንክሩልኝ» አላቸው።

«እስቲ ትጫወት» አሉና ተቀመጡ።

ልጅቷ በእርግጥም እጅ አላት። ግን አንድ ኳስ ከመስመር በወጣባት ቁጥር ራኬቷን ከመሬት ታላትማለች። በዚያው ንዴት የሚቀጥለውን ትጠልዘዋለች፤ እሱም ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ የኳስ መውጣት ብርቅ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ይፈተለካል። የቴኒስ ሕግ ራሱ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚደረግ ጨዋታ የተለየ ኳስ ይፈቅዳል። በዚያ ሜዳ ግን የተገኘው ኳስ ነው የሚመታው። አባትየው ደግሞ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ «ኧረ ተይ! ሦስተኛሽ እኮ ነው!» እያለ ይቆጥርላታል።

ጋሼ ጠሩት። «በር ላይ ቆሎ የምትሸጥ ሴትዮ አለች። የሽምብራ ቆሎ ገዝተህ ና።» የላኩት ለቆሎው ሳይሆን ለጸጥታው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ጎረምሶች ተጋጠሙ፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ጋሼ ለልጅቷ ሁለት ባዶ የኳስ ጣሳ ሰጧት። ነጥብ በተገኘ ቁጥር ባገኘው ሰው ጣሳ ውስጥ አንድ ፍሬ ሽምብራ ትጥላለች። ሥራዋ ይኸው ነው። አጭሩ 7 ለ 6፣ 1 ለ 6፣ 7 ለ 5 አሸነፈ። ልጅቷ ጣሳዎቹን ዘርግፋ ቆጠረች። የረጅሙ 97፣ የአጭሩ 89። ደግማ ቆጠረች፤ ያው ነው።

«ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ መሰለኝ። ያሸነፈው ያነሰ ነው ያለው።»

«አልተሳሳትሽም» አሉ፣ አንዷን ፍሬ ወደ አፋቸው እየወረወሩ።

እንዲህ ያለው ነገር በትልልቆቹም ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የዊምብልደን ፍጻሜ ሮጀር ፌደረር 218 ነጥብ፣ ኖቫክ ጆኮቪች 204 ነጥብ አገኙ፤ ዋንጫው የጆኮቪች ሆነ። ፌደረር እ.ኤ.አ. በ2024 ዳርትማውዝ ኮሌጅ ለተመራቂዎች ሲናገር፣ ካደረጋቸው 1,526 የነጠላ ጨዋታዎች 80 በመቶ የሚጠጉትን ማሸነፉን፣ ከነጥቦቹ ግን ያገኘው 54 በመቶውን ብቻ መሆኑን ነግሯቸዋል። እሱም በልጅነቱ ራኬት ወርዋሪ ነበር።

«አጭሩ ነጥብ ሲያመልጠው ምን ሲያደርግ ነበር?» ጋሼ ጠየቁ።

አላየችም። ቆሎ ስትቆጥር ነበር። በማግስቱ ያለ ጣሳ አስቀምጠዋት አየች። አጭሩ ነጥብ ሲያመልጠው ለመረቡ ጀርባውን ይሰጣል፤ እስከ ኋላው አጥር ይሄዳል፤ የራኬቱን ጅማቶች አንድ በአንድ በጣቱ ያስተካክላል፤ ይተነፍሳል። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ነው።

«በሁለት ነጥብ መሃል ሕጉ 25 ሰከንድ ይሰጥሻል» አሏት። «እስከ አጥሩ የፈለግሽውን ያህል ተናደጂ። አጥሩን ንኪው። ስትመለሺ ግን የምትይዢው አንድ ኳስ ብቻ ነው፤ የሚመጣውን።»

ይህን ነው የወደድኩላቸው። ልጅን «አትናደጂ» የሚል አሰልጣኝ አይጥመኝም፤ ዝናብን አትዝነብ እንደማለት ነው። እሳቸው ንዴቷን አልከለከሏትም፤ ቦታና ሰዓት ሰጡት እንጂ። ለወራት ያለማመዷትም ይህንኑ አካሄድ ነው፤ ከሰርቭ እኩል፣ አንዳንድ ቀን ከሰርቭ በላይ።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። ልጅቷ 6 ለ 4፣ 7 ለ 5 ተሸነፈች። ራኬቷ አንድ ጊዜም መሬት አልነካም። አጥሩ ግን ስትነካው ስትነካው እጇን ዝገት በዝገት አድርጎት ነበር። አባትየው ላብ አጥምቆት ወደ ጋሼ ሮጠ።

«ስንት ነጥብ ጣለች?»

«አልቆጠርኩም።»

«እንዴ፣ ሁለቱም ጣሳ እኮ እርስዎ እጅ ነበር! ሽምብራውስ?»

«በላሁት» አሉ ጋሼ። ልጅቷም ሰምታ፣ ዝገት የነካውን መዳፏን ዘረጋችላቸው። አምስት ፍሬ ተርፎ ነበር።