የማያፏጨው ብልሽት

ሐኪም ሁለት ዓይነት በሽተኛ ያውቃል። አንደኛው ሕመሙን ይዞ በእግሩ ይመጣል፤ ያቃስታል፣ ጣቱን ሰድዶ «እዚህ ጋ» ይላል። ሁለተኛው ደኅና ነኝ ብሎ የሚኖረው ነው፤ የደም ግፊቱ ዓመታት ሙሉ እየናረ ኩላሊቱንና የአንጎሉን ደም ሥር ይበላል፤ እሱ ግን ሥራውን ይሠራል፣ ሠርግ ይሄዳል፣ ይስቃል። ከሁለቱ ይበልጥ የሚያሳስበው የትኛው እንደሆነ መናገር አያሻም። ሆኖም በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ጥያቄ የሕክምና ሳይሆን የሥነ ምግባር ነው። የተሰወረ ብልሽት እንዳለበት የማውቀውን ዕቃ ለሌላ ሰው ልሰጥ እችላለሁን? ሰጪው በስደት የሚኖር፣ ተቀባዩ ደግሞ አገር ቤት ያለ ድኻ ወገን በሆነ ጊዜስ መልሱ ይለወጣልን?

ጥያቄውን ያስነሣብኝ የአየር ኮምፕሬሰር ነው። የምኖረው በፍራንክፈርት ምዕራባዊ ክፍል፣ ኡንተርሊደርባህ በሚባለው ሰፈር ነው፤ በ1863 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተመሠረተው የኬሚካል ፋብሪካዋ ስሟ የገነነው ሆኽስት ጎረቤታችን ናት። እንጨት መሥራት ስለምወድ ከቤቴ ምድር ቤት አንዲት ጠባብ የሥራ ክፍል አለችኝ። በእርስዋም ውስጥ ሃምሳ ሊትር የሚይዝ፣ እስከ 8 ባር የሚሞላ፣ በሁለተኛ እጅ የተገዛ ኮምፕሬሰር ለዓመታት ቀለም ሲረጭልኝና ሚስማር ሲመታልኝ ኖሯል።

ብልሽቱ በፉጨት ጀመረ። ሞተሩ ታንከሩን ሞልቶ ሲቆም ለጥቂት ሰከንድ «ሽሽ» ብሎ ዝም ማለት ሲገባው፣ ፉጨቱ አላቋርጥ አለ። ማንም አየሩን ሳይነካው ግፊቱ ይወርዳል፤ ሞተሩም በየጊዜው እንደ ገና ይነሣል። አዲስ አበባ ውስጥ ከጎሚስታ ደጅ ያደገ ሰው እንዲህ ያለው ነገር ሲገጥመው ምን እንደሚያደርግ አይጠፋውም። ጎሚስታው ከመነዳሪውን ነፍቶ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል፤ አረፋ የወጣበት ቦታ ቀዳዳው ነው። (ጎሚስታ፣ ከመነዳሪ፣ ካቻቢቴ፣ ቡሎን እያልን የምንጠራቸው ሁሉ ጣሊያን ጥሏቸው የሄደ ቃላት ናቸው። ጀርመናዊው ጎረቤቴ እነዚህን ከአፌ ሲሰማ ጣሊያንኛ የምችል ይመስለዋል።) ታንከር ገንዳ ውስጥ አይነከርምና መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በብሩሽ የሳሙና ውኃ ቀባኋቸው። የትም አረፋ አልታየም። ፉጨቱ የሚወጣው ከግፊት መቆጣጠሪያው ሥር ካለች አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነበር።

ይህች ቀዳዳ ሥራዋ ሞተሩ ሲቆም ከፒስተኑ በላይ የቀረውን አየር መልቀቅ ነው፤ ሞተሩ በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ጭንቅ እንዲነሣ። ያ አየር ደግሞ ጥቂት ስለሆነ ወዲያው ያልቃል። ካላለቀ የሚወጣው አየር የታንከሩ ነው ማለት ነው፤ በታንከሩ አፍ ላይ ያለችው፣ አየር ወደ ኋላ እንዳይመለስ የምትከለክለው ትንሽ ቫልቭ አልዘጋ ብላለች። ልብ ከመታ በኋላ የአኦርታ ቫልቭ በሚገባ ካልተከደነ ደሙ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ሐኪሙም በማዳመጫው ትንፋሽ የመሰለ ድምፅ ይሰማል። ነገሩ አንድ ነው። መሰኪያውን ነቀልኩ፣ ታንከሩን ባዶ አደረግሁ፣ ቫልቯን ፈታሁ፤ ጎማዋ አልቆ ነበር። አዲሷ ከሃያ ዩሮ በታች ተገኘች፤ ፉጨቱም ቆመ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያበቃል። ጩኸቱ ቆመ፣ ዕቃው ዳነ።

ነገር ግን ታንከሩን ባዶ ሳደርግ ከሆዱ ሥር ካለው ማፍሰሻ የወጣው ውኃ የሸክላ አፈር መልክ ነበረው። አየር እርጥበት ያዘለ ነው፤ ሲታመቅና ሲበርድ እርጥበቱን ውኃ አድርጎ ይተፋል። ውኃው ከታንከሩ ወለል ይተኛል፣ ብረቱንም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። ሥራ ባለቀ ቁጥር ውኃውን ማፍሰስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የቀድሞው ዘመኑ ግን እንዴት እንዳለፈ ዝገቱ ይናገር ነበር። በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልኩ ሆዱን አንኳኳሁት። የበሽተኛን ደረት በጣት አንኳኩቶ መመርመርን በ1761 በመጽሐፍ ያስተዋወቀው ኦስትሪያዊው ሐኪም ሌኦፖልድ አወንብሩገር የመጠጥ ቤት ባለቤት ልጅ ነበር፤ ዘዴውን የተማረው የወይን በርሜል ሲንኳኳ አይቶ ነው ይባላል። እኔም የእርሱን ጥበብ ወደ በርሜሉ መለስኩለት። ከላይ እንደ ደወል የሚመልሰው ብረት ከታች ድምፁ የፈዘዘ ነበር። ቀለሙን ስፍቅ የመርፌ ጫፍ የምታህል እርጥብ ነጥብ ታየችኝ።

ያቺ ነጥብ አታፏጭም። ማሽኑም ይሠራል፤ ምናልባት ዓመት፣ ምናልባት አምስት ዓመት። ሆኖም በ8 ባር ግፊት አየሩ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ስምንት ኪሎ ያህል ይገፋል፤ ስፋቱ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር በሆነ የታንከር ክዳን ላይ ይህ ተደምሮ ከአምስት ሺህ ኪሎ በላይ ነው። ታንከር በውኃ ግፊት የሚፈተነውም ስለዚህ ነው፤ ውኃ ሲያመልጥ ይፈስሳል፣ አየር ሲያመልጥ ግን ብረቱን ይዞ ይበርራል።

የደኅንነት ቫልቭን ለዓለም ያበረከተው ደኒ ፓፓን ሐኪም ነበር፤ በ1669 በፈረንሳይ አንዤ ከተማ በሕክምና ተመርቆ፣ በ1679 ለንደን ውስጥ ለሠራው በእንፋሎት ለሚያበስል ዝግ ድስት ነው ቫልቩን የፈለሰፈው። ፕሮቴስታንት በመሆኑ፣ ሉዊ 14ኛ በ1685 የናንትን አዋጅ ሲሽር አገሩ ተዘጋችበት፤ ከዚያም እዚሁ ሄሰን ውስጥ ማርቡርግ ሒሳብ አስተማረ። ስደተኛ ሁሉ በባዕድ አገር ታዋቂ ዘመድ ፍለጋ ይወዳል፤ እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። የጀርመኖቹ ትምህርት ግን ከዚያ ዘግይቶ መጣ። በ1865 ማንሃይም ውስጥ የአንድ ቢራ ፋብሪካ የእንፋሎት ጋን ፈነዳ፤ በማግሥቱ ዓመት የጋን ባለቤቶች ራሳቸው የተቆጣጣሪዎች ማኅበር አቋቋሙ። መኪና ያለው ሐበሻ ሁሉ የሚያማርርበት ቱፍ የዚያ ማኅበር የልጅ ልጅ ነው።

በዕድሜ ታላቄ የሆኑ አንድ ያገሬ ሰው አሮጌ ዕቃ እየሰበሰቡ በኮንቴይነር ወደ አገር ቤት ይልካሉ። ታንከሩን ልጥለው መሆኑን ሲሰሙ ተቆጡ። «ዶክተር፣ አንተ እኮ ፈረንጅ ሆነሃል» አሉኝ። «ያንን ቀዳዳ እዚያ በያጁ በአምስት ደቂቃ ይደፍነዋል። አምስት ነፍስ ያድርበታል። አንተ ኅሊናዬ ንጹሕ ይሁን ብለህ የሰው እንጀራ ትጥላለህ።»

ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ ቀላል የሚመስለው ለጠገበ ብቻ ነው። የዚህ አገር ሰው የሚጥለው ዕቃ አብዛኛው ሊጠገን የሚችል ነው፤ ጥገናው ከአዲሱ ስለሚወደድ ብቻ ይጣላል። እንከን የሌለው እስኪገኝ ይቆይ የሚል ሰው ለድኻው የሚያደርሰው ባዶ እጅ ነው። እኔም የተጫረ፣ ያረጀ፣ የሚንጫጫ ዕቃ ልኬአለሁ፤ እልካለሁም። ተቀባዩ አይቶ፣ ሰምቶ፣ ነክቶ ይመዝነዋልና።

ዝገቱ ግን ከዚህ ይለያል። ቀዳዳዋ መጀመሪያ የተሸነፈችው ቦታ እንጂ ብቸኛዋ አይደለችም፤ ዙሪያዋ ሁሉ ሳስቷል። በያጁ እርስዋን ሲደፍን ምልክቷን ያጠፋል፣ ሕመሙን ይተወዋል። ቀለም ከተቀባ በኋላማ ማን ያውቃል? በዚያ ላይ በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ማሽኑ ያንኑ ግፊት ለመሙላት ከዚህ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት አለበት። «ጽፈህ ላክ፣ ይወቁት» ሊባል ይችላል። በሙያዬም ቢሆን በሽተኛው አደጋውን ተረድቶ ከተስማማ ሐኪሙ አደገኛውን ቀዶ ሕክምና ይፈጽማል። ሆኖም ስምምነቱ የራሱን ገላ የሚመለከት ነው። ጎሚስታው አውቆ ቢገዛ እንኳ፣ ከታንከሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከመነዳሪ የሚለጥፈው ልጅ ማንም አልጠየቀውም። ጎማው እስኪነፋለት ቆሞ የሚጠብቀው ባለ ታክሲም እንዲሁ።

ሆስፒታሎቻችን ይህን ዓይነት ቸርነት ያውቁታል። በ1ኛው ቀን ሪባን የተቆረጠለት የእርዳታ መሣሪያ በ2ኛው ዓመት መጋዘን ይገባል፤ በ2011 የታተመ አንድ ጥናት በድኻ አገሮች ካሉት የሕክምና መሣሪያዎች ወደ 40 በመቶ የሚሆኑት ከአገልግሎት ውጭ መሆናቸውን አሳይቷል። ከአየር ኦክስጅን የሚያጣራው መሣሪያም ልቡ ያው ኮምፕሬሰር ነው፤ ሲደክም ይሠራል፣ ይጮኻል፣ ለሕፃኑ የሚያደርሰው ኦክስጅን ግን ቀንሷል። እዚያም የማያፏጭ ብልሽት አለ።

ለእኒያ ታላቄ ይህን ሁሉ አልኳቸው። አላሳመንኳቸውም፤ ሞተሩና ፒስተኑ ግን ደኅና ስለነበሩ በእነርሱ አልተለያየንም። ታንከሩን ማንም ዳግመኛ እንዳይበይደው በድሪል አምስት ቦታ በስቼ ለብረት ማቅለጫ አስረከብኩት። ሞተሩን ከአዲሷ ቫልቭና ከአንድ ትርፍ ቺንጊያ ጋር አሰናዳሁ፤ ውኃው በየማታው እንዲፈስስ የሚያዝ አንድ ገጽ በአማርኛ ጽፌ ከላዩ አሰርኩ። «ታንከሩንስ ከየት ሊያመጡት ነው?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ከዚያው የሚገዛበትን ዋጋ ግማሹን እኔ፣ ግማሹን እሳቸው ልንችል ተስማማን፤ ሞተሩ አሁን ምድር ቤት በካርቶን ተጠቅልሎ ኮንቴይነሩ የሚጫንበትን ቀን ይጠብቃል።