ስምና ታርጋ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከሚደክምላቸው ነገሮች አንዱ ስም ነው። አንዳንዱ ስሙን በልጆቹ ያቆያል፤ አንዳንዱ በመጽሐፍ፣ አንዳንዱም በደግነቱ ያስጠራል። በዘመናችን ደግሞ ገንዘብ ከፍሎ ስምን ወይም የወደዱትን ቁጥር በአውቶሞቢል ታርጋ ላይ ማስጻፍ በብዙ አገሮች የተለመደ ነገር ሆኗል። ይህ ነገር ገንዘብ ሊወጣበትና ሐሳብ ሊደከምበት ይገባልን? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን ጠለቅ ብለው ሲመረምሩት ስም የማን ነው፣ ክብርስ ከወዴት ይገኛል ወደሚል ከፍ ያለ ጥያቄ ያደርሳል። ስለዚህ አንባብያን በትዕግሥት ይከተሉን ዘንድ እንለምናለን።

ይህን እንድናስብ ያደረገን በምንኖርበት በሆሳዕና ከተማ ያጋጠመን ጉዳይ ነው። ከሐዲያና ከከምባታ ምድር ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄዳቸው የታወቀ ነው። በሆሳዕና፣ በሾኔ፣ በዱራሜና በሺንሺቾ ከምናያቸው አዳዲስ ቤቶች መካከል ብዙዎቹ የተሠሩት እነዚያ ወጣቶች በሩቅ አገር በትንንሽ ሱቆች ውስጥ ሌትና ቀን ደክመው ባገኙት ገንዘብ ነው። ከእነርሱ አንዱ የእኅታችን ልጅ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለያሆዴ በዓል ተመልሶ አንዲት መኪና ገዛ። ከዚያም ወደ ቤታችን መጥቶ፥ «ጋሼ፣ እኔ በነበርሁበት አገር ገንዘብ የከፈለ ሰው ስሙን በታርጋው ላይ ያስጽፋል። እኔም የአባቴን ስም አስጽፌ በአገሩ ላይ ባዞረው እወድ ነበር። ምን ይመስልሃል?» አለን።

የመንግሥት ሠራተኛ ነንና መጀመሪያ ስለ ሕጉና ስለ ማመልከቻው የጠየቀን መስሎን ነበር። እርሱ ግን የጠየቀን ነገሩ ዋጋ ያለው መሆኑን ነው። ለዚህ ጥያቄ ከፋይል ውስጥ መልስ አይገኝም። ስለዚህ ጥቂት ቀን እንዲሰጠን ጠይቀን ነገሩን ማውጣትና ማውረድ ጀመርን።

ከሁሉ አስቀድሞ ታርጋ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ባለ ሞተር ሠረገላ ከተፈጠረ ብዙም ሳይቆይ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ዓ.ም. የፓሪስ ፖሊስ ማንኛውም ባለ ሞተር ሠረገላ የባለቤቱን ስምና አድራሻ፣ የምዝገባውንም ቁጥር የያዘ ሰሌዳ እንዲለጥፍ አዘዘ። እንግሊዞችም በ1903 ዓ.ም. ሕግ አውጥተው ከጥር 1 ቀን 1904 ዓ.ም. ጀምሮ መኪና ሁሉ ቁጥር እንዲኖረው አደረጉ። ወደ አገራችን የመጀመሪያው አውቶሞቢል የመጣው በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ባመጣ ጊዜ ነው። ታርጋ የሚለው ቃል ግን ከኢጣልያንኛ የተወረሰ ነው፤ ዛሬ በገጠር ያለ ልጅ ሁሉ እንደ አማርኛ ይናገረዋል።

እንግዲህ ሰሌዳው የተፈጠረው ለባለ መኪናው ጌጥ እንዲሆን አይደለም። ባለ መኪናውማ መኪናውን ያለ ቁጥርም ያውቀዋል። ሰሌዳው የተፈጠረው ለመንገደኛው ነው፤ ባለ መኪናውን ለማያውቀው፣ ነገር ግን በእርሱ ምክንያት ጉዳት ሊደርስበት ለሚችለው ሰው ነው።

ይህን በዓይናችን አይተነዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገበያ ቀን አንድ የጭነት መኪና አንድ ሽማግሌ ገጭቶ ሳይቆም ሄደ። ገበያተኛው ሁሉ ጮኸ፤ አንዱ መኪናው ነጭ ነው አለ፣ ሌላው ሰማያዊ ነው አለ። ከእናቷ ጋር ቆጮ ልትሸጥ የመጣች የአራተኛ ክፍል ተማሪ ግን አምስቱን አኃዝ በእስክሪብቶ በመዳፏ ላይ ጽፋ ተገኘች። መኪናው የተያዘው በዚያች መዳፍ ምክንያት ነው። ያን ቀን ታርጋው የማን ንብረት ነበር ብለን ብንጠይቅ፣ ከባለ መኪናው ይልቅ የዚያች ልጅና የሽማግሌው ነበር ማለት ይቻላል።

በዚህ ላይ አንድ ተቃዋሚ ተነሥቶ፥ «ስም ከአኃዝ ይልቅ ይታወሳልና ስም ያለበት ታርጋ ለምስክር የበለጠ ይመቻል» ሊለን ይችላል። እውነት ነው፤ ለማስታወስ ይቀላል። ነገር ግን ምስክርነት የማስታወስ ብቻ ሳይሆን የመድፈርም ጉዳይ ነው። በታርጋው ላይ የታላቅ ባለጸጋ ወይም የታላቅ ሹም ስም ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ እናቲቱ የልጇን እጅ ይዛ፥ «ልጄ ሆይ፣ ዝም በይ» አትላትም ነበርን? ቁጥር ዘመድ የለውም። ቁጥር ጎሣ የለውም። ቁጥር አያስፈራም፣ ይሉኝታም አያሲዝም። በአደባባይ ላይ ሰው ሁሉ በተራ ቁጥር መጠራቱ ሰውን ማዋረድ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ታላቁንና ታናሹን በሕግ ፊት አስተካክሎ የሚያቆም ክብር አለበት።

ስለ ሌላው ወገንም በቅንነት መናገር ይገባል። በውጭ አገር ይህ ነገር ለድኾች ጥቅም የሆነበት ጊዜ አለ። በሆንግ ኮንግ ከ1973 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተመረጡ ቁጥሮች በጨረታ እየተሸጡ ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት በሚውል የመንግሥት ሣጥን ውስጥ ይገባል። በእንግሊዝ አገርም መንግሥት ራሱ ከ1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አንሥቶ ቁጥር ሻጭ ሆኗል። በዱባይ በሚያዝያ 2023 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አንድ ፊደልና አንድ አኃዝ ብቻ ያለበት ሰሌዳ በ55 ሚሊዮን ድርሃም ተሸጦ ገንዘቡ ለተራቡ ሰዎች ምግብ ለሚያቀርብ ዘመቻ ተሰጥቷል። ባለጸጋው ያለ ግዳጅ ከፈለ፤ የተራበውም በላ። እንግዲህ ምኑ ይነቀፋል?

የተራበው መብላቱ አይነቀፍም፤ እሰየው ነው። ነገር ግን ሁለቱን ነገሮች ለይቶ መመልከት ያስፈልጋል። የበላው ሰው የበላው በምጽዋቱ ነው፤ ባለጸጋው የገዛው ግን ምጽዋቱን ሳይሆን ብቸኝነቱን ነው። የዚያ ሰሌዳ ዋጋ ሌላው ሰው ያንኑ ሊያገኝ ባለመቻሉ ላይ የቆመ ነው፤ ሁሉም ሰው ቢያገኘው ኖሮ አንድ ብርም ባላወጣ ነበር። እውቀት ግን እንዲህ አይደለም፤ መምህሩ ለሺህ ተማሪዎች ቢያካፍለው አይቀንስበትም። ፍቅርና ቸርነትም እንዲሁ ናቸው። ሌላው ሰው ስላጣው ብቻ የሚከብር ነገር በእውነት የከበረ ነውን? እኛስ የከበረ ሳይሆን የተወደደ ነው እንላለን፤ በሁለቱ ቃላት መካከልም ሰፊ ልዩነት አለ።

አገራችን ለዚህ ጥያቄ ባዕድ አይደለችም። አባቶቻችን ታርጋ ባይኖራቸውም የፈረስ ስም ነበራቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። የመጀመሪያው አውቶሞቢል በመጣበት በዚያው በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም አባ መላ ተብለዋል። ይህ ልማድ ስምን በመጓጓዣ ላይ ከማስጻፍ ጋር ሲመሳሰል፣ በአንድ ነገር ግን ፈጽሞ ይለያል። በዛሬው ታርጋ ሰው ስሙን ለመኪናው ያውሰዋል፤ በጥንቱ ሥርዓት ግን ሰውየው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ስሙንም የሚያጸናው ሕዝቡ ነበር። አባ መላ የተባለ ሰው መላ ባያውቅ ኖሮ ስሙ መሣቂያ በሆነበት ነበር። ሀብተ ጊዮርጊስ ግን በፍርድና በምክር ስለ ታወቁ፣ ፈረሱ ከሞተ በኋላም ስሙ አልሞተም።

በዚህ በሐዲያ ምድርም ፈረስ የክብር ምልክት ሆኖ የኖረ ነው። የሐዲያው ገራድ ልጅ እቴጌ እሌኒ ግን እስከ ዛሬ ስሟ የሚነሣው በተቀመጠችበት በቅሎ ወይም በለበሰችው ካባ አይደለም፤ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአገሪቱን አደጋ አስቀድማ ተመልክታ ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ በመላክ ባሳየችው ብልሃት ነው።

ደግሞም ስም በብረት ላይ ስለ ተቀረጸ ዘላለማዊ የሚሆን አይምሰለን። ይህ ከተማ ዋቸሞ ይባል ነበር፤ ኋላ ሆሳዕና ተባለ። ለብዙ ዘመን በሸዋ ጠቅላይ ግዛት የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ዋና ከተማ ነበር፤ ኋላም በደቡብ ክልል ውስጥ ተቆጠረ፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ነው። በመኪኖቻችን ታርጋ ላይ የደቡብ ምልክት ተጽፎ ሳለ ክልሉ ራሱ ተከፋፈለ። መንግሥት በብረት ላይ ያስቀረጸው ስም ከብረቱ ቀድሞ ካረጀ፣ የአንድ ሰው ስም ምን ያህል ይቆያል? ዋቸሞ የሚለው ስም ግን አልጠፋም፤ የዩኒቨርሲቲው ስም ሆኖ ትውልድ ያስተምርበታል።

ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ነገሩ በሌላ በኩል ይመለከተናል። ለብዙ ዓመታት ባገለገለው ሥርዓት የታክሲ ታርጋ ቀይ ኮድ 1፣ የግሉ ሰማያዊ ኮድ 2፣ የንግዱ አረንጓዴ ኮድ 3፣ የመንግሥቱም ጥቁር ኮድ 4 ነው። በኮድ 4 ታርጋ ላይ የሹም ስም አይጻፍም፤ መኪናው የሹሙ አይደለምና። ነገር ግን ባለ ኮድ 4 መኪና በእሑድ ቀን በሠርግ ቤት ደጅ ቆሞ ሲታይ፣ ሕዝቡ በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ የማይታየውን ስም ያነበዋል። እንዲህ ያለውን የተሰወረ ጽሕፈት ምንም ቀለም አይሸፍነውም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ልጁን ይዘን ወደ አባቱ ቤት ሄድን፤ ስሙ የእርሳቸው ነውና ሳይጠየቁ መቅረት አይገባቸውም። አዛውንቱ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ልጃቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ በሄደ ጊዜ አንድ ጥማድ በሬ ሸጠው፣ የቀረውንም ከዘመድና ከጎረቤት ተበድረው ነበር። ከብድሩም ከፊሉ ገና አልተከፈለም፤ ያበደሯቸው ሰዎች ጨዋዎች ስለ ሆኑ አልጠየቋቸውም እንጂ። ከዚያ በሐዲይኛ የተናገሩትን ወደ አማርኛ ስንመልሰው እንዲህ ነው፦ «ልጄ፣ ስላሰብከኝ ተባረክ። ነገር ግን ስሜ በመኪና እያለፈ ዕዳዬ በእግሩ ቆሞ ሊያየው ነውን? ያበደረኝ ሰው በጭቃ ውስጥ ሲሄድ ስሜ ጭቃ ይረጨዋልን?»

እኛ ብዙ ቀን የደከምንበትን አዛውንቱ በሁለት ጥያቄ ጨረሱት። ልጁም ዝም አለ። ኋላ እንደ ሰማነው ለጌጥ ሊያወጣው ያሰበውን ገንዘብ አባቱ ለተበደሩበት ቤት ሁሉ በየተራ ወስዶ መለሰ። መኪናዋም በተራ የተሰጣትን አምስት አኃዝ ይዛ በመንደሩ ትሠራለች። በሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ሆስፒታል ሲያደርሱባት የመንደሩ ሰዎች፥ «የእገሌን መኪና ጥሩ» እያሉ በአባትየው ስም ይጠሯታል፤ ይህን ያዘዛቸው የለም፣ የከፈላቸውም የለም።

ስለዚህ ለጥያቄው የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ስምን በታርጋ ማስጻፍ ኃጢአት አይደለም። ሕግ የሚፈቅድለት፣ ዕዳም የሌለበት ሰው ትርፍ ገንዘቡን ለድኻ በሚደርስበት መንገድ ቢያወጣበት አንከለክለውም፤ በባጃጁ ኋላ የልጁን ስም በቀለም የሚጽፈውንም ወጣት አንነቅፈውም፤ ደስታው ንጹሕ ነውና። ነገር ግን የሚገዛው ነገር ስም ሳይሆን የስም ጥላ መሆኑን እንዲያውቅ እንወዳለን። ስም ባለቤቱ የሚጽፈው ሳይሆን ሌላው ሰው የሚያነበው ነውና፣ ከመጻፋችን በፊት ምን ተብሎ እንደሚነበብ ራሳችንን እንጠይቅ።